ያቺ ግማሽ ፍሬ ኢቡፕሮፌን

ውሻዬ 12 ኪሎ ናት። ማህፀኗ እንዲወጣ ቀጠሮ ያዝኩ፣ ማታ ምግብ ከለከልኳት፣ ጠዋት ወሰድኳት፣ ከሰዓት በኋላ እየተንገዳገደች ወጣች። እስከዚህ ድረስ የሚወራ ነገር የለም።

ስንወጣ ብጣሽ ወረቀት ሰጡኝ። «ህመም ከታየባት ማስታገሻ ይሰጣት» ይላል። የምን ማስታገሻ? ስንት? በየስንት ሰዓቱ? የለም። እኔም አልጠየቅኩም። ወረፋው ረጅም ነው፣ ዶክተሩ ቸኩለዋል፣ እኔ ደግሞ የገባው ሰው ለመምሰል ራሴን ነቀነቅኩ።

እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ማለክለክ ጀመረች። ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው። ትተኛለች፣ ትነሳለች፣ ጀርባዋን አጉብጣ ትቆማለች። አንዴም አልጮኸችም። ለራስ ምታቴ የምወስደው ባለ 400 ሚሊግራም ኢቡፕሮፌን መሳቢያ ውስጥ ነበር። ሰው ትልቅ፣ ውሻ ትንሽ፣ ስለዚህ ግማሽ። ሂሳቤ ይኸው ነበር። ሰበርኩና በሥጋ ጠቅልዬ ሰጠኋት። ደስ ብሏት ዋጠችው፤ እሱ ነው እስካሁን የሚያንገበግበኝ።

ጠዋት አስመለሳት። የማደንዘዣው ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ። በማግስቱ ሰገራዋ እንደ ሬንጅ ጠቆረ። ደወልኩ።

«ምን ሰጧት?» አሉ ዶክተሩ። ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ።

ለካ ከመውጣቷ በፊት ሜሎክሲካም የሚባል የህመም ማስታገሻ ወግተዋት ኖሯል። መርፌው 24 ሰዓት ይሠራል። ኢቡፕሮፌን ደግሞ የዚያው ዘር ነው። ሁለቱም የጨጓራን መከላከያ ያሳሳሉ፣ ወደ ኩላሊት የሚሄደውንም ደም ይቀንሳሉ። ሲደራረቡ ምን እንደሚሆን አየሁት። ኢቡፕሮፌን ብቻውንም ቢሆን ለውሻ አይሆንም። መርፌው ካልበቃት የሚጨመረው ከሌላ ዘር ነው፤ እሱንም የሚመርጠው ሐኪሙ ነው።

«ታዲያ ወረቀቱ ላይ ለምን አልጻፋችሁም?»

«ሰው ያውቀዋል ብለን ነው።»

ይኸው፣ አላወቅኩም! ሁለት ቀን ግሉኮስ፣ የጨጓራ መድኃኒት፣ የደም ምርመራ። ኩላሊቷ ተረፈ። ንዴቴ ግን አልበረደም፤ ግማሹ በእነሱ፣ ግማሹ በራሴ።

ስለዚህ ከክሊኒክ ሳትወጡ ጠይቁ፦ ምን ወጋችኋት? መቼ ያልቃል? ቀጥሎ ምን ልስጥ? ፕሬድኒሶሎን የመሰለ ስቴሮይድ እየወሰደች ከሆነ አትደብቁ፤ ከነዚህ መድኃኒቶች ጋር አብሮ አይሰጥም። ፓራሲታሞልም ሐኪም ሳይለካው አይሰጥም፤ ጉበትና ደም ይጎዳል። ድመት ካለችማ ጨርሶ አይቅረባት፣ ይገድላታል።

«ሜሎክሲካም የሰውም አለ አይደል?» የሚል አይጠፋም። አለ፣ ግን ትንሹ ፍሬ 7.5 ሚሊግራም ነው። ለውሻ የተለመደው በመጀመሪያው ቀን በኪሎ 0.2፣ ከዚያ 0.1 ሚሊግራም ነው። ለኔዋ በቀን 1.2 መሆኑ ነው። አንዷ ፍሬ ስድስት እጥፍ ትሆንባታለች።

ያ «ህመም ከታየባት» የሚለውን ነገር ደግሞ አልቀበለውም። ውሻ ህመሟን ትደብቃለች። ሐኪሙ ያዘዘውን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰዓት ጠብቆ፣ ከምግብ ጋር መስጠት ነው። ምግብ እምቢ ካለች ወይም ካስመለሳት ማቆምና መደወል።

በቅርቡ ጥርሷ ተነቀለ። የመድኃኒቱን ስምና ሰዓቱን እስኪጽፉልኝ ከበሩ አልተንቀሳቀስኩም። ከኋላዬ የተሰለፉት አጉረመረሙ። ያጉረምርሙ።