አውታር የሌለው ክንድ

እዚሁ ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ የሚኖሩ አንድ አዛውንት ጎረቤቴ ከአባታቸው የወረሱትን ሃርፕ ማንዶሊን የተባለ ጊታር መሰል ትንሽ የአውታር መሣሪያ «እስቲ እየው» ብለው ለአንድ ሳምንት ተዉልኝ። ወንድሜ በስልክ ስሙን ሲሰማ «ሃርፕ ማለት በገና ከሆነ አሥር አውታር አለው?» ብሎ ጠየቀኝ፤ የለውም። ያሉት እንደ ማንኛውም ማንዶሊን ስምንት የብረት አውታሮች ናቸው፤ ጥንድ ጥንድ ሆነው እንደ ቫዮሊን ሶል፣ ሬ፣ ላ፣ ሚ ተብለው ይቃኛሉ። «ሃርፕ» ያሰኘው በወፍራሙ አውታር በኩል ካለው ትከሻ ተነሥቶ ከአንገቱ ጎን ወደ ላይ የሚቆለመመው ክንድ ሲሆን፣ በእርሱ ላይ አንዲትም አውታር አልተወጠረችበትም።

ክንዱ ለጌጥ የተለጠፈ ድፍን እንጨት መስሎኝ ነበር። የጥርስ ሐኪም የሚይዛትን ዓይነት ትንሽ መስታወት በድምፅ ቀዳዳው አስገብቼ በባትሪ ስመለከት ግን፣ የሆዱ ክፍተት ሳይቋረጥ ወደ ክንዱ ይዘልቃል። በጣም ያስገረመኝ ትከሻው ከክንዱ የሚገናኝበት ቦታ ነው፤ እስከዚያ ወደ ውጭ ሲታጠፍ የመጣው ስስ የማሆጋኒ ጣውላ እዚያ ላይ በድንገት ወደ ውስጥ ይገለበጣል፤ ከውስጥ በኩልም የጣት ስፋት ያህል ጠቁሮ ይታያል። ሠሪው ያለ ጥርጥር ጣውላውን በጋለ ብረት ላይ ትንሽ አቆይቶታል፤ እንጨቱ ግን አልተሰነጠቀም።

ከውስጥ የተለጠፈችው ወረቀት የምትናገረው የዚችኑ ከተማ ነጋዴ የዳየርን ስም ብቻ ነው። ክንድ ያለውን የጊታር ቅርጽ እ.ኤ.አ. በ1898 በስሙ ያስመዘገበው የኖርዌይ ተወላጁ ክሪስ ክኑትሰን ሲሆን፣ በኋላ ለዳየር ይሠሩ የነበሩት ከስዊድን መጥተው ቺካጎ የከተሙት ካርልና ኦገስት ላርሰን የተባሉ ወንድማማቾች ናቸው። ኦገስት እ.ኤ.አ. በ1904 ተደራርበው በተጣበቁ እንጨቶች ለሚሠራ የውስጥ ድጋፍ የፈጠራ መብት አግኝቷል፤ በዚያ ድጋፍ መሃል የሚገባው ጠንካራ እንጨት የሚያሳየውን ጥቁር መስመር ፍለጋ መስታወቴን ባዞርም በደረስኩበት ሁሉ ያየሁት ስፕሩስ የተባለ ተራ የጥድ ዓይነት እንጨት ነው።

ክንዱ ለድምፁ ምን ይጨምራል? ለስላሳ ጨርቅ ወደ ክንዱ ጠቅጥቄ መታሁት፤ አወጣሁና ደግሜ መታሁት። ለእኔ ጆሮ ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ለዓይን የተሠራ ነው ባይ ነኝ። ጎረቤቴ ግን ጀርባቸውን ሰጥተው እያዳመጡ፣ ጨርቁ የገባበትን ከአራት ጊዜ አራቱንም ለዩት።