ሦስት ጊዜ የወረደ የቮልስ ሞተር

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ጋራዥ የገባች ቮልስ ነች፤ እ.ኤ.አ. የ1968 ሞዴል፣ ባለ 1300 ሞተር። ማታ የቆመችበት ቦታ ጠዋት ሲታይ መዳፍ የሚያህል ዘይት ይገኛል፤ የሚንጠባጠበው ሞተሩና ካምቢዮው ከተጋጠሙበት ሥር ነው። ዳገት ላይ ፍሪሲዮኗ ይንሸራተታል፣ ስትነሳም ትንቀጠቀጣለች። ከዚያ በፊት ሌላ ቦታ ሁለት ጊዜ ሞተሯ ወርዶ ከቮላኖው፣ ማለትም ሞተሩ ጫፍ ላይ ከሚዞረው ከባድ ክብ ብረት፣ ጀርባ ያለው ፓራሊዮ፣ ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘው ቀለበት፣ ተቀይሯል። የመጀመሪያው ሁለት ወር ያህል ያዘ፤ ሁለተኛው ሦስት ሳምንት እንኳ አልሞላም።

ባለቤቱ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። አዲስ ፓራሊዮ በወረቀት ጠቅልለው ይዘው መጥተዋል። «የፊተኞቹ ዕቃዎች የማይረቡ ነበሩ። ይሄ ከጀርመን የመጣ ነው፤ እሱን ግጠሙልኝ» አሉ።

ዋናው መካኒክ ዕቃውን ተቀብሎ አስቀመጠና ረዳቱን መሪው ጋ ቁጭ አድርጎ፣ ሞተሩ ሳይነሳ ፍሪሲዮን እንዲረግጥ አዘዘው። እሱ ከኋላ ተንበርክኮ ፑሌጃውን፣ ቺንጊያው የሚጠመጠምበትን ክብ ብረት፣ ያይ ጀመር። ረዳቱ በረገጠ ቁጥር ፑሌጃው ወደ ውጭ ብቅ ይላል፣ ሲለቅ ይመለሳል። በእጁ ይዞ ሲገፋና ሲስበው ደግሞ ቋ፣ ቋ የሚል ድምፅ ተሰማ። «ጋሼ፣ ይምጡና ይዩት፤ ፓራሊዮው አይደለም» አላቸው።

ይህ ፍተሻ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፣ መፍቻም አይጠይቅም። ሞተር ከመውረዱ በፊት መደረግ ያለበት የመጀመሪያ ሥራ ይኸው ነው።

የቮልስ ኮሎ፣ ማለትም ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋናው ዘንግ፣ በቁመቱ ወዲያና ወዲህ እንዲላወስ የሚፈቀድለት ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። 0.15 ከደረሰ ማስተካከል ግድ ይሆናል። ክፍተቱን የሚወስኑት በቮላኖውና በመጀመሪያው ብሮንዚን፣ ኮሎው በሚሽከረከርበት ማረፊያ፣ መካከል የሚገቡ ሺም የሚባሉ ቀጫጭን የብረት ቀለበቶች ናቸው። ውፍረታቸው 0.24፣ 0.30፣ 0.32፣ 0.34፣ 0.36 እና 0.38 ሚሊ ሜትር ሆኖ ይመጣል፤ የሚገቡት ግን ሁልጊዜ ሦስት ናቸው፣ ከዚያ አይበልጡም፣ አያንሱም። ክፍተቱ ሲሰፋ ፍሪሲዮን በተረገጠ ቁጥር የቮላኖው አንገት በፓራሊዮው ከንፈር ውስጥ ይመላለሳል። ከንፈሩ ለሚሽከረከር ነገር እንጂ እንዲህ ለሚመላለስ ነገር አልተሠራም፤ ዘይት እየሳበ ያወጣል፣ ራሱም ቶሎ ይበላል። ዕቃው ከየትም ይምጣ፣ ዕጣው ያው ነው።

ሞተሩ ወረደ። የባትሪው ነጌቲቭ ተፈታ፣ የቤንዚኑ ጎማ ተደፈነ፣ የጋዝና የማሞቂያ ገመዶች ተላቀቁ፣ ከዚያ ከካምቢዮው ጋር የያዙት አራቱ ማሰሪያዎች፤ ሁለቱ ከላይ፣ ሁለቱ ከታች። እዚህ ላይ መጠንቀቅ የሚያሻው አንድ ነገር ነው፦ ሞተሩ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ተስቦ ከካምቢዮው ዘንግ ሙሉ በሙሉ ሳይላቀቅ ክሪኩ ዝቅ ካለ፣ የሞተሩ ክብደት ዘንጉ ላይ ያርፍና የፍሪሲዮኑን ዲስክ ያጣምማል።

ቮላኖው ከመፈታቱ በፊት እርጥበቱ የት እንዳለ ታየ። ዘይቱ ወፍራምና ድኝ ድኝ የሚሸት ከሆነ የካምቢዮ ዘይት ነው፤ ያን ጊዜ ጥፋተኛው የካምቢዮው ዘንግ ፓራሊዮ ይሆናል። ከቮላኖው መሀል፣ ከትልቁ ብሎን ዙሪያ ከረጠበ ኦ-ሪንጉን፣ እዚያ ያለውን ቀጭን የጎማ ቀለበት፣ መጠርጠር ነው። በዚህች መኪና ግን የረጠበው የቮላኖው ጀርባ ነበር። እዚያው ከበታች ያለው የካምሻፍት ታፕ፣ ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ ጫፍ ላይ ያለው መድፈኛ፣ ደረቅ ሆኖ ተገኘ፤ እሱም ሲያፈስ ብዙ ጊዜ በፓራሊዮው ይሳበባል።

መሀለኛው ብሎን በ36 ቁልፍ ተፈታ፤ የቮላኖውና የኮሎው አቀማመጥ አስቀድሞ በቀለም ምልክት ተደርጎበታል። ፓራሊዮው ሲወጣ ከውስጥ የተገኙት ሺሞች ሁለት ብቻ ነበሩ፤ አንዱ 0.30፣ ሌላው 0.32። ሦስተኛው የት እንደቀረ ያየ የለም። ግን ሺም በዘይት ከቮላኖው ፊት ላይ ይጣበቃል፤ ቮላኖው በቤንዚን ሲታጠብ አብሮ ይሄዳል። በመጀመሪያው ጥገና የሆነው ይህ ሳይሆን አይቀርም። ቮላኖ ሲወርድ ቀድሞ ሺም መቁጠር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ልኬቱ እንዲህ ተሠራ። ሁለቱ ሺሞች ገቡ፣ ያለ ፓራሊዮ ቮላኖው በደንብ ታሰረ፣ ዳያል ጌጅ፣ ጥቃቅን እንቅስቃሴን በመርፌ የሚያሳይ መለኪያ፣ ተተክሎ ኮሎው ተገፋና ተሳበ። 0.46 አነበበ። ከዚህ ላይ መቅረት ያለበት ክፍተት 0.10 ሲቀነስ 0.36 ይቀራል፤ የሦስተኛው ሺም ውፍረት እሱ ነው። ዳያል ጌጅ የሌለው ጋራዥ ሞተሩ አካል ላይ ብረት አስሮ፣ በብረቱና በቮላኖው መካከል በፊለር ጌጅ፣ ውፍረታቸው በታወቀ ቀጫጭን ምላጮች፣ ሊለካ ይችላል። ፈጽሞ የማይሆነው በእጅ ገምቶ መግጠም ነው። በልኬቱ ጊዜ ብሮንዚኑ ራሱ ከኮሎው ጋር አብሮ የሚንቀሳቀስ ከሆነ የሞተሩ አካል መቀመጫ ተቀጥቅጧል ማለት ነውና ሺም አያድነውም፤ ሞተሩ ተከፍቶ መቀመጫው በማሽን እንደገና መቦርቦር አለበት። ይህቺኛዋ ከዚያ ተርፋለች።

የቮላኖው አንገት ላይ ሁለቱ ፓራሊዮዎች መስመር ትተዋል፤ ጥፍር የሚይዝ ስላልነበረ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ተወለወለ። ጥፍር ቢይዝ ኖሮ ቮላኖ መቀየር ነበር። ሦስቱም ሺሞች ዘይት ተቀብተው አስቀድመው ገቡ፣ ከዚያ ፓራሊዮው፣ ከንፈሩ ወደ ሞተሩ ዞሮ። የሞተሩ አካል ማግኒዚየም ስለሆነ ለስላሳ ነው፤ የአሮጌው ፓራሊዮ ማውጫ ካቻቪቴ ከጫረው በዚያው ጭረት ዘይት ያልፋል። አዲሱን ዙሪያውን በመዶሻ መምታትም አይበጅም፤ አንድ ወገን ይቀድምና ይጣመማል። እዚህ የተሠራበት ክብ ብረት ነው፤ በመሀሉ ባለፈ ብሎን ኮሎው ጥርስ ላይ ታስሮ፣ ፓራሊዮው ከሁሉም ወገን እኩል እየገባ ተቀመጠ።

አዲስ ኦ-ሪንግ ቮላኖው ውስጥ ገባ። የድሮዎቹ 1200 ሞተሮች በዚህ ቦታ ጓርኒሲዮን፣ ጠፍጣፋ ማሸጊያ፣ ነበራቸው፤ ኦ-ሪንግ ባለው ቮላኖ ላይ ጓርኒሲዮን መጨመር ልኬቱን ያበላሻል። የብሎኑ ውስጠኛ ኩሽኔታ አንድ ግራም ያህል ግራሶ ብቻ ተቀባ፤ ሲበዛ ተረጭቶ ዲስኩ ላይ ያርፋል። ብሎኑ የሚጠብቀው ወደ 350 ኒውተን ሜትር ነው፤ በአንድ ሜትር ቱቦ ጫፍ ላይ 35 ኪሎ እንደማንጠልጠል። ከታሰረ በኋላ እንደገና ሲለካ 0.10 ሆነ።

ዘይት የጠጣው የፍሪሲዮን ዲስክ በአዲስ ተተካ። በቤንዚን ታጥቦ ይመለስ የሚል ሐሳብ ተነስቶ ነበር፤ ዘይቱ ግን ሲሞቅ ከውስጥ ተመልሶ ይወጣል። የካምቢዮው ዘንግ ፓራሊዮም አብሮ ተቀየረ፣ ዋጋው ጥቂት ነው፣ ለእሱ ብቻ ተብሎ ሌላ ጊዜ ሞተር ከሚወርድ።

ዘይት ሲሞላ ባለቤቱ አራት ሊትር ገዝተው አመጡ፤ እስከዚያ ድረስ ሁልጊዜ ሦስት ተኩል ያስሞሉ ነበር። ይህ ሞተር የሚይዘው 2.5 ሊትር ነው። ትርፉ ዘይት በኮሎው ይናጣል፣ የውስጡ ግፊት ይጨምራል፣ መተንፈሻው ከተደፈነ ደግሞ ፓራሊዮውን ራሱን ይገፋል። መተንፈሻው ተፈታ፤ ቱቦው በጥቁር ጭቃ ግማሹ ተዘግቶ ነበር፣ ተጠረገ። ሁለት ሊትር ተኩል ተሞላ፣ በመለኪያው ዘንግ ታየ፣ ቀሪው ባለቤቱ ይዘውት ሄዱ።