ብሪጅ ላይ በማክ አድራሻ ስታግዱ

«አገድኩት፤ ኢንተርኔቱ ግን አሁንም ይሠራል።» ብሪጅ (የተለያዩ የኔትወርክ መስመሮችን እንደ አንድ ኔትወርክ የሚያገናኝ) ላይ ማክ አድራሻ (የመሣሪያውን የኔትወርክ ካርድ መለያ) የሚያግዱ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሱት ችግር ይኸው ነው። አድራሻው ልክ ሆኖ ሳለ ደንቡ የተጻፈበት ሰንሰለት (መልእክቱ በአንድ መንገድ ሲያልፍ የሚፈተሽባቸው ደንቦች ዝርዝር) ግን ሌላ ይሆናል።

ገመዱንና ዋይፋዩን በብሪጅ ያገናኘ የሊኑክስ ራውተር እንውሰድ። ስልኩ ወደ ኢንተርኔት የሚልከው ፍሬም (የኔትወርክ መልእክት ጥቅል) መድረሻው የራውተሩ የራሱ ማክ አድራሻ ስለሆነ የሚገባው በብሪጁ «ኢንፑት» ሰንሰለት ነው። በ«ፎርዋርድ» ሰንሰለት የሚያልፈው ከአንዱ ፖርት (ከብሪጁ ጋር ከተያያዘ መስመር) ወደ ሌላው የሚሻገረው ነው፤ ለምሳሌ ከስልኩ ተነስቶ በገመድ ወደተያያዘው ፕሪንተር የሚሄደው። ፎርዋርድ ላይ ብቻ ካገዳችሁ ስልኩ ማተም ያቅተዋል፣ ኢንተርኔት ግን አይቋረጥበትም። ሁለቱም ላይ ጻፉ። አንድ ስዊች (ብዙ የኔትወርክ ገመድ የሚሰካበት ሳጥን) ላይ የተሰኩ ሁለት ኮምፒውተሮች እርስ በርስ ሲነጋገሩ ደግሞ ፍሬሙ ጭራሽ ብሪጁ ጋ ስለማይደርስ ምንም ደንብ አያግደውም።

የሊኑክስ የተለመደ የማጣሪያ መሣሪያ የሆነው አይፒቴብልስ «ቢአር ኔትፊልተር» የሚባለው ሞጁል ካልተጫነ ከፖርት ወደ ፖርት የሚሻገረውን አያይም። ለዚህ ሥራ የተሠሩት መሣሪያዎች ኢቢቴብልስና የኤንኤፍቴብልስ የብሪጅ ክፍል ናቸው። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፦ ለ50 አድራሻ 50 ደንብ ከመደርደር አድራሻዎቹን በአንድ ስብስብ አስገብቶ በአንድ ደንብ መፈተሽ ይቻላል፤ አድራሻ ሲጨመር ወይም ሲቀነስም ደንቡ አይነካም።

የተፈቀደላቸው ብቻ ይለፉ ማለት የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በስዊችና በራውተር መካከል ብሪጅ አስገብታችሁ ሁሉንም ዝጋ፣ ምንጫቸው የተፈቀደውን ብቻ አሳልፍ ብትሉ ማንም አይሠራም። ጥያቄው ያልፋል፣ መልሱ ግን ምንጩ የራውተሩ ማክ ስለሆነ ይወድቃል። ስለዚህ ሰንሰለቱን ክፍት ተዉትና «ከስዊቹ ፖርት የገባ ሆኖ ምንጩ ከስብስቡ ውጭ ከሆነ ጣል» የሚል አንድ ደንብ ጻፉ። ኢንፑትንም የምትዘጉ ከሆነ የስፓኒንግ ትሪ መልእክቶችን (ብሪጆችና ስዊቾች ሉፕ፣ ማለትም ፍሬም ሳያቋርጥ የሚሽከረከርበት ቀለበት፣ እንዳይፈጠር የሚላላኳቸውን) አስቀድማችሁ ፍቀዱ፤ እነሱ ከታገዱ ብሪጁ ትርፍ መስመር መኖሩን ሳያውቅ ይከፍተውና ኔትወርኩ በሉፕ ይጥለቀለቃል።

በኤስኤስኤች ከርቀት ከገባችሁ ደንቡን ከማስነሳታችሁ በፊት ከ120 ሰከንድ በኋላ ደንቦቹ ያሉበትን ሠንጠረዥ የሚያጠፋ ትዕዛዝ ከበስተጀርባ አስጀምሩ። ራሳችሁን ውጭ ከዘጋችሁ ሁለት ደቂቃ መጠበቅ ነው፤ ሁሉም ከሠራ ትዕዛዙን ሰርዙት።

ደንቡ ላይ ቆጣሪ ጨምሩ። ከታገደው መሣሪያ ፒንግ (የሙከራ መልእክት) እየተደረገ ቆጣሪው ከ0 ካልተነሳ ወይ ፍሬሙ በዚያ አያልፍም፣ ወይ አድራሻው ሌላ ነው። ከአንድሮይድ 10 እና ከአይኦኤስ 14 ወዲህ ስልኮች ለየዋይፋዩ የዘፈቀደ አድራሻ ይጠቀማሉ። እንደ 02:00:00:12:34:56 ሁለተኛው ምልክት 2 ወይም 6፣ ወይም ከፊደሎቹ ኤ (A) ወይም ኢ (E) ከሆነ ፋብሪካው የሰጠው አድራሻ አይደለም። ብዙ የዋይፋይ ሪፒተሮችም ከኋላቸው ያለውን ሁሉ በራሳቸው ማክ ስለሚያሳልፉ አንዱን ስታግዱ ሁሉም ይታገዳል።

ሲያልቅ ደንቦቹን ወደ ኤንኤፍቴብልስ የማዋቀሪያ ፋይል ገልብጡና ሰርቪሱ ከማሽኑ ጋር አብሮ እንዲነሳ አድርጉ። አለበለዚያ መብራት ሄዶ ሲመጣ ብሪጁ ይነሳል፣ ማጣሪያው ግን አይኖርም።