ራሴን ከፍ ያደረገው እሱ ነው

የጌታ ስም ይባረክ ወገኖቼ! እስካሁን ስናገረው እንባ ይቀድመኛል፤ ታገሡኝ።

ሕመሜ ሰርቪካል ዲስቶኒያ ይባላል። እንቅስቃሴን የሚመራው የአንጎል ክፍል የተዛባ ትእዛዝ ይልካል፣ አንገትም ሳታዝዘው ይዞራል። የእኔ ችግር የቀኝ ጡንቻዬ ነበር፤ ከጆሮ ጀርባ ተነስቶ ወደ ደረት አናት የሚወርደው። እሱ ሲኮማተር ፊቴ ወደ ግራ ይጠመዘዛል። "ብርድ መቶሽ ነው" ያላለኝ ሰው የለም።

ያቺን ሌሊት ልንገራችሁ። አገጬ የግራ ትከሻዬን ካልነካሁ አለ። ትራስ ብደራርብ፣ በጎኔ ብተኛ፣ ግድግዳ ብደገፍ፣ ወይ ፍንክች! ጣቴን አገጬ ላይ ቀስ አድርጌ ሳሳርፍ ትንሽ ይለቀኛል። (ይገርማል፣ ይህ ሕመም ያለባቸው ብዙዎች እንዲህ ያለ ዘዴ አላቸው።) ጣቴን ሳነሳ መልሶ ይጠመዝዘኛል። እህቴ ከኋላዬ ተቀምጣ ጭንቅላቴን ደግፋ ያዘችኝ። እጇ ዝሎ እንኳ አልለቀቀችኝም። እህትዬ፣ ጌታ ዘመንሽን ይባርክ! ድምጿን ዝቅ አድርጋ ትዘምራለች። እኔ መዘመር አቃተኝ። እውነቱን ልናገር፣ በእግዚአብሔር ተናድጄ ነበር። "አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?" ያልኩት እንደ ጸሎት ሳይሆን እንደ ክስ ነው። "ያቺን 18 ዓመት የጎበጠችውን ሴት አቃንተሃል፤ እኔ ምን በደልኩህ?" አልኩት። ዝም አለኝ። ሊነጋ ሲል ሳልፈልገው አንድ ቃል ውስጤ መጣ፤ "ክብሬንና ራሴን ከፍ ከፍ የምታደርገው አንተ ነህ።" መዝሙረ ዳዊት 3። አልቅሼ አልቅሼ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስተኛ ደግሞ አንገቴ ያርፋል።

ከዚያ ወራት አለፉ።

መልሱ በሽቦ መጣ! ሐኪሜ ጡንቻውን የሚያላላ የቦቱሊነም መርፌ ወጋችኝ። እሱ ግን በሦስት ወር ገደማ ኃይሉ ያልቃል። ስለዚህ ፊዚዮቴራፒስቱ ባዮፊድባክ የሚባል በማሽን የሚደረግ ልምምድ ጨመረልኝ። አንገቴ ቆዳ ላይ ኤሌክትሮድ፣ ማለትም ሽቦ ያለው ተለጣፊ፣ ይለጥፋል። ኮረንቲ አይለቅም፤ ጡንቻው ራሱ የሚያመነጨውን፣ በማይክሮቮልት የሚለካውን ያዳምጣል እንጂ። ጡንቻው ሲወጠር ማሽኑ ይጮኻል፣ ሲላላ ድምፁ ይወርዳል። የእኔ ሥራ ማሽኑን ዝም ማሰኘት ነው። በግድ ላቃናው ስል ይብስበታል። "አትታገዪው። ትንፋሽሽን አውጪ፣ ትከሻሽን ጣይው" ይለኛል። ትዕግሥቱን ጌታ ይክፈለው። አንድ ቀን ድምፁ ወረደ፣ ወረደ፣ ጠፋ። ቀና ብዬ ሰውየውን ፊት ለፊት አየሁት። "ሃሌሉያ!" ብዬ ስጮህ ማሽኑም አብሮኝ ጮኸ፤ ሁለታችንም ሳቅን።

ከዚያ ቆሜ፣ ከዚያ እየተራመድኩ፣ በመጨረሻም ያለ ድምፁ ለመድኩት። ከሁሉ የከበደኝ የመጨረሻው ነው።

"ያዳነሽ ማሽን ነው" የሚሉኝ አሉ። ይበሉ። ራሴን ከፍ አድርግልኝ ብዬ ለመንኩት እንጂ በምን እንደሚያደርገው አልመረጥኩለትም።

ጨርሶ አልጠፋም። ሲደክመኝ ይጎትተኛል፣ መርፌውንም አላቆምኩም። ጸልዩልኝ። እናንተም አንገታችሁ እንዲህ የሚያደርጋችሁ ከሆነ "ብርድ ነው" ብላችሁ አትቀመጡ፤ የነርቭ ሐኪም ጋ ሂዱ።