አንድ መዝገብ፣ ሁለት ጸሐፊ

ሰኔ ሲገባ ሒሳብ ክፍል መግባት ያስፈራል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ኃላፊዋ ምሳቸውን እንኳ ከጠረጴዛቸው ሳይነሡ ነው የሚበሉት። እኔ ደግሞ ሰርቨሩን ለማደስ የመረጥኩት ያንኑ ወር ነው፤ ለምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ ዛሬም ወሬ እቀይራለሁ።

የሒሳብ ፕሮግራሙን ሊኑክስ በተጫነበት ሰርቨር ላይ ወደ ቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም በሰርቨሩ ውስጥ በሶፍትዌር ብቻ ወደሚሠራ ሌላ ኮምፒውተር፣ አዛወርኩት። ለማሽኑ አንድ ትልቅ የዲስክ ፋይል ፈጥሮ 400 ጊጋ ባይት ስካን የተደረገ ሰነድ እዚያ ውስጥ መገልበጥ ይቻል ነበር። ነገር ግን ሰነዶቹ ያሉበት ክፍልፋይ (ፓርቲሽን፣ ከዲስኩ ተለይቶ የተከለለ ቦታ) ዲስኩ ላይ ተቀምጧል፤ እንዳለ ለምን አላስረክበውም? ለአለቃዬ «ፍጥነትም ይጨምራል» አልኩ። የፍጥነቱ ልዩነት እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም፤ እውነቱ መገልበጡ ታክቶኝ ነው። ክፍልፋዩን ከዋናው ሲስተም (ከሰርቨሩ ሊኑክስ) ነቅዬ ለቨርቹዋል ማሽኑ እንደ ሁለተኛ ዲስክ ሰጠሁት። ሦስት ሳምንት ያለ እንከን ሠራ።

ሰኔ 24 ቀን ዝናቡ ሲጀምር መብራት ጠፋ። የሰርቨሩ ባትሪም ጥቂት ታግሎ ተኛ። መብራት ሲመለስ ሰርቨሩ ተነሣ፣ ቨርቹዋል ማሽኑም ተከተለ። ተመስገን ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በማግስቱ ጠዋት ኃላፊዋ ደወሉ። «ልጄ፣ ትናንት ማታ ያስገባሁት ደረሰኝ የት ገባ?»

ስደርስ አንዳንዱ ማህደር ባዶ ነው፤ ሌላው አልከፈትም ይላል። ዲስኩ የሞተ መስሎኝ አስመረመርኩት፤ ጤነኛ ነው። አንድ ሰዓት ያህል ከዳከርኩ በኋላ ዋናው ሲስተም ያያያዛቸውን ክፍልፋዮች ዝርዝር ሳይ ያ የነቀልኩት ክፍልፋይ ቦታው ላይ ተሰይሟል። እጄ ቀዘቀዘ።

ለካ ክፍልፋዩን ነቀልኩ እንጂ መስመሩን ከኤፍኤስታብ አላጠፋሁም። ሰርቨሩ ሲነሣ የትኛውን ክፍልፋይ የት እንደሚያያይዝ የሚያነበው ከዚህ ፋይል ነው። ሌሊት በራሱ የሚሠራው አጭር ፕሮግራም፣ የመጠባበቂያ ስክሪፕቴም አለ፤ ክፍልፋዩን ካጣው ድምፁን ሳያሰማ እንዲተው አድርጌ የጻፍኩት ራሴ ነኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ዝም ብሎ ከርሞ፣ ያን ሌሊት ክፍልፋዩን ሲያገኝ መጻፍ ጀመረ። ቨርቹዋል ማሽኑም በበኩሉ እዚያው ላይ ይጽፋል።

ኃላፊዋን እንዲህ አልኳቸው፦ «ሁለት ጸሐፊዎች አንድ መዝገብ ያዙ እንበል። እያንዳንዱ የትኛው ገጽ ባዶ እንደሆነ አንዴ አይቶ በቃሉ ይይዛል፤ ሌላው መኖሩን አያውቅም። ስለዚህ አንዱ በጻፈበት ገጽ ላይ ሌላው ይጽፍበታል።» ክፍልፋዩ ላይ ፋይሎችን የሚያደራጀው ኤክስት 4 የሚባለው የፋይል ሥርዓት የተሠራው ለአንድ ጸሐፊ ብቻ ነው። «ለማየት ብቻ» ተብሎ ቢያያዝ እንኳ የራሱ የለውጥ ማስታወሻ (ጆርናል) ሳይቋጭ ካገኘው ለመቋጨት ዲስኩ ላይ ሊጽፍ ይችላል።

መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። «ለሁለት ጸሐፊ አንድ መዝገብ የሰጠው ማነው ታዲያ?»

መልስ አልነበረኝም።

ሁለቱንም አላቅቄ ጥገናውን አስኬድኩ። ሲያበቃ ብዙው ፋይል «ሎስት ኤንድ ፋውንድ» ማህደር ውስጥ ተከምሮ ተገኘ፤ ስም የለው፣ ቁጥር ብቻ። አንድ በአንድ እየከፈትኩ ደረሰኝ ለየሁ። የቀኑ ቁጥር ደብዝዞ አልነበብ ያለኝን ኃላፊዋ በስቴፕለሩ ቀዳዳ ያውቁታል፤ «ይሄ የግንቦቱ ነው፣ ሁለት ጊዜ ነው የመታሁት» ይሉኛል። ወደ ውጫዊ ዲስክ በእጄ የገለበጥኩት የመጨረሻው ቅጂ የሰኔ መጀመሪያ ነበር። የጎደለውን ከወረቀቱ እንደገና ስካን ስናደርግ ቅዳሜና እሑድ አለቀ።

ክፍልፋይ መስጠት በራሱ ጥፋት አይደለም፤ አሁንም ቨርቹዋል ማሽኑ የሚሠራው በዚያው ክፍልፋይ ነው። ስሙን ግን ቀይሬዋለሁ። ሌላ ዲስክ ሲሰካ ሊለዋወጥ በሚችለው የዲስክ ፊደል ፋንታ በማይለወጠው መለያ ቁጥሩ ነው የምጠራው። ስክሪፕቱም ክፍልፋዩን ሲያጣ ኢሜይል ይልክልኛል። ዋናው ሲስተም ከሰነዶቹ የሚፈልገው ነገር ካለ እንደማንኛውም ኮምፒውተር በኔትወርክ ቨርቹዋል ማሽኑን ይጠይቃል።

የኤፍኤስታቡን መስመር አልደመሰስኩትም። እንዳይሠራ ዘግቼ ከበላዩ «ይህ ክፍልፋይ ጸሐፊ አለው» ብዬ ጻፍኩበት፣ ቀኑን ጨምሬ።