ክሩ ከጨርቁ እንዳይበረታ

ታኅሣሥ 19 ቀን፣ ሌሊት

ዛሬ ማታ መርፌ አልያዝኩም፤ የምሰፋው ልብስ ታጥቦ እርጥብ ነው። ለምን እንደታጠበ በኋላ እጽፈዋለሁ። ስድስት ሳምንት ሙሉ ከእራት በኋላ በምቀመጥበት ወንበር ላይ ዛሬም ተቀምጬ እጄ ሥራ ቢፈታ ጊዜ ይህን ማስታወሻ ለመጻፍ ተነሣሁ።

የእኅቴ ልጅ የተወለደችው ጥቅምት 12 ቀን ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ስለሚነሡ የእርሷ ቀን ጥር 1 ይውላል፤ ገና በዋለ በሁለተኛው ቀን ማለት ነው። በቤታችን ልማድ ደግሞ ክርስትና የተነሣ ሕፃን ሁሉ የሚለብሰው አንድ ነጭ ቀሚስ አለ፤ ወንድ ሴት ሳይለይ፣ ከእናቴ ጀምሮ 11 ልጆች ለብሰውታል። እኔም ለብሼዋለሁ። ማስረጃዬ ጠርዙ የተጣጠፈ አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ሲሆን፣ በእርሱም ላይ ከቀሚሱ ሌላ ጎልቶ የሚታየው የተከፈተው አፌ ነው።

ቀሚሱን በ1951 ዓ.ም. የሰፉት አያቴ ናቸው። ጥጡን ዳምጠው፣ ነድፈው፣ በእንዝርት ፈትለው ልቃቂቱን ለሸማኔ ሰጡ፤ ሸማኔው የሠራላቸውን ሸማ ደግሞ ራሳቸው ቆርጠው፣ ራሳቸው ሰፍተው፣ ራሳቸው ጠለፉት። ወደ መስኮት አስጠግቶ ለሚያየው ሰው ጨርቁ ራሱ ታሪኩን ይናገራል፤ ድሩ ከገበያ የተገዛ የፋብሪካ ክር ስለሆነ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ነው፣ ማጉ ግን የአያቴ ፈትል ስለሆነ እዚህ ይወፍራል፣ እዚያ ይቀጥናል፤ አንድ ቦታ ላይም ሰው ጠርቷቸው እንዝርቱን ጥለው የተነሡ ይመስል በድንገት ጎርበጥ ይላል። ርዝመቱ 62 ሳንቲ ሜትር ነው። ከአንገቱ እስከ ደረቱ ድረስ ነጭ በነጭ የተጠለፈ መስቀል አለው፤ ቀለም ስለሌለው ከሩቅ አይታይም፣ ሕፃኑን የታቀፈው ሰው ብቻ ያየዋል።

ይህ ቀሚስ ዛሬ የሚለበስበት ሁኔታ ላይ አይደለም፤ ለዚህ ደግሞ በከፊል ተጠያቂዋ እኔ ነኝ። የዛሬ 9 ዓመት፣ ለአጎቴ ልጅ ክርስትና ከሣጥን ሲወጣ ብብቱ ላይ ስፌቱ ተተርትሮ አገኘነው። እኔም የቸኮልኩ መስሎኝ በሰፈራችን ወደሚገኝ ልብስ ሰፊ ወሰድኩት፤ እርሱም በፖሊስተር ክር በመኪና ደርቦ ደራርቦ መታው። በእርግጥ ስፌቱ ጠነከረ፤ እስከ ዛሬም አልተፈታም። የተቀደደው ጨርቁ ነው። ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ከስፌቱ ጎን ለጎን መርፌው የበሳውን ተከትሎ እንደ ቴምብር ጠርዝ ቦጭ ብሎ ለቀቀ።

አያቴ ያን ጊዜ በሕይወት ነበሩ። ልብሱን ተቀብለው በጣታቸው ዳበሱትና፣ «ልጄ፣ ክር ከጨርቁ ከበረታ ጨርቁን ይበላዋል» አሉኝ፤ ከዚያ በላይ አልተናገሩም፣ ዝምታቸው ግን ከቁጣ የባሰ ነበር። ነገሩን በደንብ የተረዳሁት በራሴ እጅ መስፋት ከጀመርኩ በኋላ ነው። ሕፃን ልጅ ሲያለብሱት ይታገላል፤ እጁን ሲያስገቡለት ይስባል፣ ይወጥራል። በዚያ ጉተታ መሐል አንድ ነገር መሸነፍ አለበት። ስፌቱ በስስ የጥጥ ክር የተሰፋ ከሆነ የሚሸነፈው ክሩ ነው፤ ክር ደግሞ በአንድ ማታ ይተካል። የአያቴ የብብት ስፌት የተተረተረውም ተበላሽቶ ሳይሆን ሥራውን ሠርቶ ነበር።

አሮጌው ይጠገን ወይስ አዲስ ይሰፋ የሚለው ክርክር በቤታችን ሁለት ሳምንት ፈጅቷል። እኅቴ በመጀመሪያ የፈለገችው ከሱቅ የሚገዛውን፣ ቱል በቱል የሆነውን ቀሚስ ነበር። በቀስታ ላስረዳት ሞከርኩ፤ የ80 ቀን ሕፃን አንገት የሚበላውን መረብ መልበስ የለበትም፣ ከውሃና ከቅብዐ ሜሮን በኋላ በችኮላ የሚለበስ ልብስም ጀርባው በ12 ትንንሽ ዶቃ ሊቆለፍ አይገባም። እናቴ በበኩሏ «ልብስ የተሠራው ለመልበስ ነው፣ አሮጌው ተጠግኖ ይለበስ» ብላ ድርቅ አለች። እኔ ግን ጨርቁን ስለማውቀው ፈራሁ፤ ብብቱን ብጠግን ትከሻው፣ ትከሻውን ብጠግን ደረቱ ይቀጥላል።

በዚህ መሐል ስለ እንግሊዝ ነገሥታት የክርስትና ልብስ ያነበብኩት ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1841 ለንግሥት ቪክቶሪያ የመጀመሪያ ልጅ ተሠርቶ፣ እስከ 2004 ድረስ ትውልድ ለትውልድ ሲለበስ የኖረ የሐርና የዳንቴል ልብስ ነው። በመጨረሻ ስለደከመ እንዲያርፍ ተደረገና አምሳያው ተሠርቶ ከ2008 ጀምሮ ሕፃናቱ የሚለብሱት አምሳያውን ነው። ይህን ለእናቴ ስነግራት፣ «እነርሱ ገንዘብ አላቸው» አለችኝ። አዲሱ ዳንቴል ያረጀ እንዲመስል አንድ በአንድ በሻይ ውስጥ ተነክሮ መቅለሙን ስነግራት ግን ሣቀች፤ «እንግዲያማ ሻይ እኛም አለን» ብላ ተረታች። አሮጌው እንዲያርፍ፣ እኔም አምሳያውን እንድሰፋ በዚያው ተስማማን።

ሸማውን የገዛሁት ከሽሮ ሜዳ ነው። ከመቁረጤ በፊት ሁለት ጊዜ አጥቤ አደረቅሁት፤ ያልታጠበ የእጅ ሸማ ቆርጦ የሰፋ ሰው ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ለአሻንጉሊት የሰፋ ያህል ነው የሚሆነው። ለመቁረጥም በጠመኔ መስመር አላሠመርኩም። አያቴ እንደሚያደርጉት ከጠርዙ አንዲት ክር በመርፌ ጫፍ አንሥቼ፣ እንዳትበጠስ እያባበልኩ እስከ ወዲያኛው ጫፍ መዘዝኳት፤ ክሯ ስትወጣ በጨርቁ ላይ ቀጥ ያለ ስስ ፍኖት ትተዋለች፣ መቀስም በዚያ ላይ ይሄዳል። አንዲት ክር መምዘዝ አንዳንድ ማታ ግማሽ ሰዓት ይፈጅብኛል። ክሯ መሐል ላይ ስትበጠስ የሚሰማኝን ንዴት እዚህ አልጽፈውም።

ስፌቱን ሁሉ ሁለት ጊዜ ነው የምሰፋው፤ መጀመሪያ በደጅ በኩል ገጥሜ ወስውሼ እሰፋና ትርፉን እከረክማለሁ፣ ከዚያ ገልብጬ የተቆረጠው ጠርዝ በውስጡ ተሸፍኖ እንዲቀር ደግሜ እሰፋዋለሁ። የሕፃኗን ገላ የሚነካ የተተረተረ ጠርዝ የለም። ቋጠሮም የለም፤ ክሩን በአንድ ቦታ ላይ ሦስት ጊዜ መልሼ በመውጋት አስይዘዋለሁ እንጂ አልቋጥረውም፣ ለእኛ የማይታወቀን ቋጠሮ ለእርሷ ጠጠር ነውና። ቅምቅማቱን ጠርዙን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሐል እያንከባለልኩ፣ በእያንዳንዱ ሳንቲ ሜትር ስድስት ያህል ጊዜ እየወጋሁ እሄዳለሁ። ጀርባው እስከ ታች ክፍት ሆኖ ከዚያው ሸማ በተሠሩ ሦስት ማሰሪያዎች ይታሰራል፤ ቁልፍ አላደረግኩበትም። አንገቱንም ማዕተቧ ሳይጨመቅ እንዲቀመጥ አንድ ጣት ያህል አስፍቼዋለሁ፤ በአሮጌው ቀሚስ ላይ ይህች ስፋት ለምን እንደተተወች የገባኝ እኅቴ ማዕተቡን ገዝታ ስታሳየኝ ነው።

ከሁሉ ያስቸገረኝ ጥልፉ ነው። የአያቴን መስቀል ከፊት ለፊቱ እያየሁ ለመቅዳት ስሞክር ሁለት ጊዜ ተሳስቼ ፈታሁት። በሦስተኛው አሮጌውን ልብስ ገልብጬ ከጀርባው በማጉያ መነጽር አየሁት፤ የጥልፍ ምሥጢር ያለው ከጀርባው ነው። ክሩ ከየት ተነሥቶ የት እንደተሻገረ፣ የቱ ቅጠል ቀድሞ የቱ እንደተከተለ፣ አዲስ ክር የገባበት ቦታ ሁሉ ተጽፎ ይገኛል። እኔ መስቀሉን ከመሐል ወደ ውጭ የተጠለፈ አድርጌ ሳስብ፣ ለካ እርሳቸው የጀመሩት ከግርጌው ነው። መጀመሪያ ዙሪያውን በሰንሰለት ጥልፍ ከበቡት፣ ከዚያ ሆዱን በተጠጋጋ ቀጥ ያለ ስፌት ሞሉት፤ ሙሌቱ በሰንሰለቱ ላይ ስለሚያልፍ ጠርዙ ከፍ ብሎ በጣት ሲዳሰስ ይታወቃል።

ያን ማታ አንድ ሌላ ነገር አገኘሁ። የመስቀሉ ሦስት ክንፎች ሰባት ሰባት ቅጠል ሲኖራቸው የግራው ስድስት ብቻ ነው ያለው። ለ65 ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ማንም ሳይቆጥረው የኖረ ስሕተት መሆኑ ነው። እኅቴ ሰምታ፣ «እትዬ፣ አንቺም ስድስት አድርጊው እንጂ፣ የእርሳቸው ምልክት ነው» አለችኝ። አሳቧ ደስ ይላል፤ ነገር ግን አልተቀበልኩትም። አያቴ ያቺን ቅጠል የዘለሏት ደክሟቸው ወይም መብራት አንሷቸው እንጂ ምልክት ሊተዉ አስበው አይደለም፤ እኔ አውቄ ብደግመው ደግሞ ማስመሰል ይሆንብኛል። ሰባት አድርጌዋለሁ። የራሴን ስሕተት እንደሆነ ሳላስብበት የሆነ ቦታ ማኖሬ አይቀርም።

የሻዩ ነገር የመጣው እዚህ ላይ ነው። ከሱቅ የገዛሁት የጥልፍ ክር በጣም ነጭ ከመሆኑ የተነሣ በሸማው ላይ ሲያርፍ ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ ሸማው ደግሞ የጥጥ ነጭ፣ ወተት የመሰለ ነው። እንግሊዞቹን አስታውሼ ክሩን በሻይ ላቀልመው ተነሣሁ። የመጀመሪያው ሙከራዬ ጨርሶ ከሸፈ። ሻዩን የቀዳሁበት ኩባያ ልባጡ የተላጠ የቆርቆሮ ኩባያ ነበርና ብረቱ ከሻዩ ጋር ተዋውሎ ክሩን የአመድ ቀለም አደረገው። በሁለተኛው በብርጭቆ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የውሽውሽ ቅጠል አፍልቼ፣ አጥልዬ፣ አቀዝቅዤ ክሩን አምስት ደቂቃ ያህል ነከርኩት። ሲደርቅ የአሮጌው ቀሚስ ቀለም ሆኖ ወጣ። እናቴ ሁለቱን ጎን ለጎን ይዛ ብዙ ጊዜ ዝም ብላ አየች፤ ከዚያም «ምሳ ቀርቧል» ብላኝ ወጣች።

ከታች በኩል እንደ አያቴ ሦስት እጥፋቶች አስቀርቻለሁ። እነዚህ ለጌጥ ብቻ የተሠሩ አይደሉም፤ ሕፃኑ ረዥም ከሆነ አንዱ ይፈታል፣ ለሚቀጥለው ሕፃን ደግሞ ተመልሶ ይሰፋል። በአሮጌው ቀሚስ ላይ እጥፋቶቹ ስንት ጊዜ እንደተፈቱና እንደተሰፉ መርፌው ከበሳቸው ቀዳዳዎች መገመት ይቻላል። በመኪና የተሰፋ ቢሆን ኖሮ ያን ሁሉ ጊዜ መፍታት ባልተቻለ ነበር።

አሮጌውንም አጥቤ፣ ሳልተኩስና ስታርች ሳልነካው፣ በንጹሕ አቡጀዲ ጠቅልዬ ወደ ሣጥኑ መልሼዋለሁ። እስከ ዛሬ በላስቲክ ከረጢት ነበር የሚቀመጠው፤ አስወግጄዋለሁ።

ዛሬ የገብርኤል ዕለት ስለሆነ እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ እኅቴም ሕፃኗን ይዛ መጣች። አንዱ እጅጌ ገና ቢሆንም ልኩን ለማየት መርፌዎቹን አንድ በአንድ ቆጥሬ ካወጣሁ በኋላ አለበስናት። አንገቱ ልክ ነው፤ ትከሻውም። ርዝመቷ ካሰብኩት ስለበለጠ ታችኛው እጥፋት መፈታት ይኖርበታል። እኅቴ ስልኳን አውጥታ ፎቶ ልታነሣ ስትዘጋጅ ሕፃኗ የጠጣችውን ወተት በሙሉ በመስቀሉ ላይ አወጣችው። እኔ ጮህኩ። እናቴ ሕፃኗን በአንድ እጇ፣ ቀሚሱን በሌላው ይዛ እየሣቀች ወደ ውሃው ሄደች፤ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ጥቂት ሳሙና፣ ሳይታሽ በመዳፍ መታ መታ።

አሁን ቀሚሱ በፎጣ ላይ ተዘርግቷል። መስቀሉ ሲረጥብ ከሸማው ይልቅ ጠቆር ብሎ ይታያል፤ በዙሪያውም ስስ የሻይ ጥላ ያለ ይመስለኛል። የእናቴ ዓይን አላየውም፣ የእኔ ግን አምፖሉን ባቀረብኩት ቁጥር አንድ ጊዜ ያየዋል፣ አንድ ጊዜ ያጣዋል። ቀለሙ ለቅቆ እንደሆነ በፀሐይ ካልሆነ አይለይም። ጠዋት ከሥራ በፊት በረንዳ ላይ አወጣዋለሁ። ለቅቆ ከሆነ ጥልፉን ፈትቼ እንደገና ለመጥለፍ 12 ቀን አለኝ፤ እጅጌውንም ጨምሮ።