የሞንስቴራዬ ቅጠሎች ለምን ቢጫ ሆኑ? መልሱን ከሥሩ አገኘሁት

ቤት ውስጥ የማሳድገው ተክል፣ የሞንስቴራዬ የታች ቅጠሎች አንድ ሁለት እያሉ ቢጫ መሆን ሲጀምሩ ውሃም ማዳበሪያም አልጨመርኩም። መጀመሪያ ቁጭ ብዬ አየሁት። የቅጠል ቢጫ መሆን እንደ ትኩሳት ነው። አንድ የሆነ ነገር እንዳለ ይነግርሃል እንጂ ምን እንደሆነ አይነግርህም።

ራሴን የጠየቅኩት የመጀመሪያ ጥያቄ ይሄ ነበር፦ ቢጫ የሆነው አሮጌው ቅጠል ነው ወይስ አዲሱ? ይህች ጥያቄ ብዙ ድካም ትቀንሳለች። ተክል ናይትሮጅን ወይም ማግኒዥየም ሲያጥረው ከአሮጌው ቅጠል እየወሰደ ለአዲሱ ይሰጣል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚገረጣው የታችኛው ነው። ብረት ግን እንደዚያ አይንቀሳቀስም። ብረት ሲጎድል ቢጫ የሚሆነው ከላይ የሚወጣው አዲስ ቅጠል ነው፤ ጅማቶቹ አረንጓዴ እንደሆኑ መሃል መሃሉ ይገረጣል። ደግሞ ብረት አፈሩ ውስጥ እያለም ሊጎድል ይችላል። የአፈሩ ፒኤች (የአሲድነቱ መለኪያ) ከ7 ሲያልፍ ሥሩ ብረቱን ለመውሰድ ይቸገራል።

የእኔ ተክል የላይኛው ቅጠል ጥሩ አረንጓዴ ነበር። ስለዚህ የብረትን ነገር ተውኩት። የታችኞቹም ጅማታቸው ሳይለይ ሙሉ በሙሉ ነው ቢጫ የሆኑት። ማግኒዥየም ቢሆን ኖሮ በጅማቶቹ መካከል ነበር የሚጀምረው። አንድ የታች ቅጠል ብቻ ቢሆን እርጅና ነው ብዬ አልፈው ነበር፤ ቅጠል ዕድሜ አለው። እዚህ ግን ብዙዎቹ በአንድ ሰሞን ነው የተነሱት።

ቀጥሎ ተባይ ፈለግኩ። ቅጠሉን ገልብጬ ጀርባውን በደንብ አየሁ፤ ከዚያ ነጭ ወረቀት ከቅጠሉ በታች ይዤ ቅጠሉን መታ መታ አደረግኩት። ሸረሪት መሰል ጥቃቅን ተባዮች ካሉ ወረቀቱ ላይ የሚንቀሳቀሱ ነጥቦች ይታያሉ። ከግማሽ ሚሊሜትር ብዙም ስለማይበልጡ ቅጠሉ ላይ እንዳሉ በዓይን መለየት ይከብዳል። ወረቀቱ ንጹሕ ነበር። ቅጠሉም ላይ የእነሱ ምልክት የሆነው ጥቃቅን ነጠብጣብና ድር የለም።

ቀረ አፈሩ። ላዩ ደርቋል። ጣቴን ጠልቄ ሳስገባ ግን እርጥብ ነው። ቀጭን እንጨት እስከ ታች ሰድጄ ትንሽ አቆየሁና ሳወጣው ጭቃ ይዞ መጣ። ማሰሮውን አነሳሁት፤ ይከብዳል። ቅጠሉ ግን ውሃ እንደጠማው ዝልፍልፍ ብሏል። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ሥር ውሃ ብቻ ሳይሆን ኦክስጅንም ይፈልጋል። አፈሩ ያለፋታ በውሃ ሲሞላ አየር የሚይዙት ክፍተቶች ይዘጋሉ፣ ሥሩ ይታፈናል፣ ከዚያ ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር ውሃ መሳብ ስለማይችል ተክሉ ውሃ ውስጥ ቆሞ ይጠማል። ይህን አይቶ ውሃ የሚጨምር ሰው ጉዳዩን ያባብሰዋል።

ከማሰሮው አውጥቼ ሥሩን አየሁት። ዳር ዳሩ ያለው ጠንካራና ክሬም መልክ ነው። መሃሉና ታቹ ቡናማ፣ የሚሸት፣ ሲነኩት ልጣጩ ተንሸራቶ ክር ብቻ የሚቀር። አለቀ፣ ምርመራው ተጠናቀቀ።

ግን ለምን? ተክሉ ወደ እኔ የመጣው ከሌላ ቤት ነው። ማሰሮው ለሥሩ በጣም ሰፊ፣ አፈሩም ጥቅጥቅ ያለ ነበር። አዲሱ ቦታው ደግሞ ከመስኮት ራቅ ይላል። ብርሃን ሲቀንስ ተክል የሚጠጣው ውሃ አብሮ ይቀንሳል፤ ድሮ ልክ የነበረው ውሃ አሁን ይበዛበታል። ሞንስቴራ በተፈጥሮው ከደቡብ ሜክሲኮ እስከ ፓናማ ባለው ደን ዛፍ ተደግፎ የሚወጣ ተክል ነው። ሥሩ አየር የለመደ ስለሆነ የታፈነ አፈር አይስማማውም።

የበሰበሰውን ሥር በአልኮል በጸዳ መቀስ ቆረጥኩ። ጤነኛው እስኪታይ ድረስ መቁረጥ ነው፤ መራራት አያስፈልግም። ለቀረው ሥር የሚበቃ፣ ታቹ ቀዳዳ ያለው አነስ ያለ ማሰሮ መረጥኩ። በአፈሩ ላይ የዛፍ ቅርፊትና ፐርላይት (አፈር የሚያናፍስ ቀላል ነጭ ጠጠር) ቀላቀልኩበት። ከዚያ መስኮት አጠገብ፣ ቀጥታ ፀሐይ የማይመታው ቦታ አስቀመጥኩት። ከማሰሮው ሥር ባለው ሰሃን ላይ የሚጠራቀመውን ውሃ ወዲያው እደፋለሁ።

አንድ ነገር ማወቅ ጥሩ ነው። ሙሉ በሙሉ ቢጫ የሆነ ቅጠል ተመልሶ አረንጓዴ አይሆንም። ስለዚህ መዳኑን በአሮጌው ቅጠል አልለካሁም። ሙሉ ቢጫውን ቆረጥኩ፣ ግማሹ አረንጓዴ የሆነውን ተውኩት፤ ተክሉ ገና የሚወስደው ነገር አለው። ዓይኔ የነበረው አዲስ በሚወጣው ላይ ነው።

አሁን ውሃ የማጠጣው በቀን ቆጠራ ሳይሆን እንጨቱን ሰድጄ አይቼ ነው። የላይኛው የአፈር ክፍል እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ሲደርቅ በደንብ አጠጣለሁ። ማዳበሪያ ግን አዲስ ቅጠል እስኪፈታ ድረስ አልሰጠሁም፤ የቆሰለ ሥር ማዳበሪያው ውስጥ ባለው ጨው ይቃጠላል። ስጀምርም ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው መጠን ግማሹን ነው የበጠበጥኩት።